ሕፃን ልጃችሁ ሲያስል፦ የአርኤስቪ ምርመራ መቼ እና እንዴት ይደረግ?

ልጄ ክርስትና በተነሣች በአምስተኛው ቀን ንፍጥ ጀመራት። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ፣ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለው ቤታችን በዘመድ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ታቀፋት። ሁሉም ሳማት። ከመጡት ልጆች አንዱ ንፍጡን በእጁ ሲጠርግ ዐይቼው ነበር። ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ሲበረታባት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ናሙና ይወሰድላት» የሚል ነበር። እናቴ ግን ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዝም ብላ ስታያት ቆየች። «ጡት ይዛ ትለቃለች፤ አተነፋፈሷም አላማረኝም» አለች። ልብሷን ገልጠን ትንፋሿን ቆጠርኩ። በደቂቃ 64። በእሷ ዕድሜ ላለ ሕፃን 50 እንኳ ብዙ ነው።

ብዙ ወላጆች ወደ ላቦራቶሪው መስኮት መጥተው «ያ የሕፃናቱ ቫይረስ ምርመራ አለ?» ይሉኛል። ምርመራው ጥሩ ነው። ግን ከሱ በፊት መደረግ ያለበት ነገር አለ፤ ከሱ በኋላም አለ። ቅደም ተከተሉን ከመጀመሪያው እንያዘው።

ስለ ቫይረሱ ጥቂት

አርኤስቪ የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ የተገኘው በቺምፓንዚዎች ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሕፃናት ላይ ተገኘ። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ትልቅ ሰውን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። ጨቅላን ሲይዝ ግን ወደ ሳምባ ቀጫጭን ቱቦዎች ሊወርድ ይችላል። ቱቦዎቹ ያብጣሉ፣ በአክታም ይደፈናሉ። ሐኪሞች ብሮንኪዮላይተስ የሚሉት ይህንን ነው። የሕፃን ቱቦ ከመጀመሪያውም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ብዙ አየር ይከለክለዋል።

ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ 100 ሺህ ያህል ሕፃናት ሞት ከዚህ ቫይረስ ጋር ተያይዟል። አብዛኞቹ የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። እኛ ጋ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በስሙ አይጠራም። «ብርድ መታው»፣ «ጉንፋን ነው»፣ ሲብስ ደግሞ «ሳምባ ምች ነው» ይባላል።

አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉ። ንፍጡ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ይሁን፣ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ይሁን፣ «ቀን አንድ» ብላችሁ ያዙት። አርኤስቪ ብዙ ጊዜ የሚከፋው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ለናሙናም የሚሻለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ሐኪሙም ላቦራቶሪውም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህን ነው።

አንደኛ፦ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ቁጠሩ

ልጁ መተኛት ወይም መረጋጋት አለበት። ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ የተቆጠረ ትንፋሽ ያሳስታል። ስልካችሁን አንድ ደቂቃ ላይ ሙሉ። ልብሱን ወደ ላይ ሰብስባችሁ ሆዱንና ደረቱን ግለጡ። ዐይናችሁ ሆዱ ላይ ይሁን። ሆዱ አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ስልሳ ሰከንዱን ሙሉውን ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም። የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቀስ ይላል።

ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። ጥቂት ቆይታችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። መለኪያው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ደረቱን በደንብ እዩት። አየር ሲያስገባ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል? ሲያወጣ ያቃስታል? እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል? እነዚህን ከላቦራቶሪ ውጤት በፊት ዐይናችሁ ይነግራችኋል። መጥፎ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ግን አይታይም። ወደ መስኮት ውሰዱት።

አጠባቡንም አስቡ። ከወትሮው ግማሹን እንኳ ካልጠባ ወይም ስድስት ሰዓት ያህል ዳይፐሩ ካልረጠበ አካሉ ውኃ እያጣ ነው። አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን እየጠባ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይይዛል፣ ደግሞ ይለቃል። እናቴ ያየችው ይህንን ነበር።

ሁለተኛ፦ ምርመራ ሳትጠብቁ የምትሮጡበት ጊዜ

ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ከጠቆረ። ትንፋሹ ቆም ካለ። ጡት መያዝ ካቃተው። የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ። ካንቀጠቀጠው። ቀስቅሳችሁት መንቃት ከከበደው። ደረቱ በኃይል ከተሰረጎደ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ «የአርኤስቪ ምርመራ የት አለ?» እያላችሁ ከክሊኒክ ክሊኒክ አትዙሩ። ባጃጅ አስቁሙና ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሐዋሳ ላይ ሰው በተለምዶ «ሪፈራል» የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። አዳሬ ሆስፒታልም አለ። የሚቀርባችሁን ምረጡ።

በተለይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ገና ጥቂት ሳምንት የሆናቸው ጨቅላዎች አንዳንዴ ሳል ሳይኖራቸው ትንፋሻቸው ብቻ ቆም ቆም ይላል። አርኤስቪ እንዲህም ሆኖ ይመጣል። «አላሳለም እኮ» ብላችሁ አትጠብቁ።

ድንገተኛ ክፍል እንደደረሳችሁ የኦክስጅን መጠኑ ይለካ። መለኪያዋ ጣት ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ናት። ለትልቅ ሰው የተሠራችው ለሕፃን ጣት ስለምትሰፋ ቁጥሯ አይታመንም። ለሕፃን የሚሆነው እግሩ ላይ የሚጠቀለለው ነው። እግሩ ቀዝቅዞ ከሆነ በእጃችሁ አሙቁት፤ የቀዘቀዘ እግር ላይ ንባቡ ይሳሳታል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቁጥሩ ከቆላ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ግን ልጁ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ለዚህ የማንም ቫይረስ ስም አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ምርመራው ለልጃችሁ ይጠቅማል ወይ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የብዙ ወላጅ ገንዘብና ጊዜ የሚፈስሰው እዚህ ነው።

አርኤስቪን ከሰውነት የሚያጠፋ፣ ለሁሉም ሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ኦክስጅን መስጠት፣ ፈሳሽ እንዳያጥረው ማድረግ፣ አፍንጫውን መጥረግና መከታተል ነው። ሐኪሙ ብሮንኪዮላይተስን የሚለየው የሕመሙን ታሪክ ጠይቆና ልጁን ራሱ አይቶ ነው፤ ደረቱን ያዳምጣል፣ አተነፋፈሱን ያያል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያም ብሮንኪዮላይተስ ለያዘው ልጅ ሁሉ የቫይረስ ምርመራ በመደበኛነት እንዲደረግ አይመክርም። ያ አገር የመመርመሪያ ኪት ሳይቸግረው ነው ይህን ያለው።

ስለዚህ ለሐኪሙ ይህን ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ይለወጣል? ኔጌቲቭ ቢሆንስ?» ጥያቄው ነውር የለበትም። ጥሩ ሐኪም ደስ ብሎት ይመልስላችኋል። መልሱ «ምንም አይለወጥም» ከሆነ ለምርመራው የምታወጡትን ገንዘብ ለባጃጅና ለክትትል ያዙት።

የሚለወጥ ነገር ያለባቸው ጊዜያት ግን አሉ። ልጁ ሆስፒታል የሚተኛ ከሆነ ከየትኛው ልጅ ጎን እንደሚተኛ ለመወሰን ውጤቱ ይረዳል። አርኤስቪ ያለበትን ልጅ የልብ ሕመም ካለበት ጨቅላ አጠገብ ማስተኛት ለዚያኛው አደጋ ነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ለመጀመር ወይም ለማቆም እያመነታ ከሆነም ውጤቱ ሚዛኑን ሊያዘነብለው ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የልብ ወይም የቆየ የሳምባ ችግር ያለበት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ከሆነ ሐኪሙ የሕመሙን አካሄድ አስቀድሞ ለመገመት ምርመራውን ሊፈልገው ይችላል። ብዙ ሕፃናት አብረው በሚውሉበት ቦታ ሕመሙ በአንዴ ሲነሣም እንዲሁ።

የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ንፍጥ ይዞት፣ እየተጫወተ፣ እየበላ፣ ትንፋሹም ደህና ከሆነ ግን ምርመራ አያስፈልገውም። ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ፣ ምርመራውን የምሠራው እኔው ሆኜ እንኳ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን አተኩሶት ሲያስል የደም ምርመራ ማዘዝ የተለመደ ነው። ወባ ለሐዋሳ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከተማችን ወባ የሚገኝበት አካባቢ ስለሆነ ትኩሳት ያለበት ልጅ ለወባ ይመርመር። «ታይፎይድና ታይፈስ» እየተባለ የሚታዘዘው የደም ምርመራ ግን የሦስት ወር ሕፃን ለምን እንደሚያስል አይነግራችሁም። አርኤስቪንም በደም መፈለግ አሁን ለያዘው ሕመም አይጠቅምም። ጨቅላው ደም ውስጥ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ስላለ የደም ውጤቱ ያምታታል። ቫይረሱ ያለው አፍንጫ ውስጥ ነው፤ የሚፈለገውም እዚያው ነው።

አራተኛ፦ የትኛው ምርመራ? ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ፈጣኑ ኪት ነው፤ የኮቪድ ኪት የምታስታውሱ መልኩን ታውቁታላችሁ። ከቫይረሱ የሆነ ፕሮቲን ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ በ15 ደቂቃ ገደማ ውጤት ይሰጣል። አንዳንዱ ኪት ኮቪድን፣ ኢንፍሉዌንዛንና አርኤስቪን በአንድ ላይ ያያል። ኢንፍሉዌንዛን ብቻ የሚያየውን «ያው ነው» ብለው እንዳይሰጧችሁ በስሙ ጠይቁ።

ሁለተኛው ፒሲአር ነው። የቫይረሱን ዘረ መል አብዝቶ ስለሚያይ ጥቂት ቫይረስ ቢኖርም ያገኘዋል። ለቲቢ ምርመራ በየሆስፒታሉ የገባው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን አርኤስቪንም መመርመር ይችላል። ልብ በሉ፣ ማሽኑ አንድ ቢሆንም የሚገባበት ካርትሬጅ (ናሙናው የሚጨመርበት ዕቃ) ይለያያል። የቲቢው ካርትሬጅ አርኤስቪን አያይም። ስለዚህ «ጂን ኤክስፐርት አለን» የሚል መልስ አይበቃም። «የአርኤስቪ ካርትሬጁ አለ ወይ?» በሉ። ካለ ማሽኑ ላይ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው የሚወስደው።

ምርመራው እንደ ወባ ወይም እንደ ሽንት በሁሉም ቦታ የሚጠበቅ አይደለም። የታመመ ልጅ ታቅፎ ከምንሃሪያ እስከ ፒያሳ መንከራተት ልጁን ይጎዳዋል። በስልክ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አላችሁ ወይ? ዋጋው ስንት ነው? ከሕፃን ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ዛሬ አለ ወይ? ሦስተኛውን አትርሱት። ኪት ኖሮ ከሕፃን አፍንጫ መውሰድ የሚፈራ ባለሙያ ካለ ምርመራው ዋጋ የለውም።

አምስተኛ፦ የናሙናው አወሳሰድ

ሆዱ ሞልቶ ናሙና ከተወሰደበት ልጁ ያስመልሳል። ከጠባ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጋቢ ወይም ሰፋ ያለ ፎጣ ያዙ። ንፍጡ ውጪ ተንጠልጥሎ ከሆነ ቀለል አድርጋችሁ ጥረጉለት። የደም መርጋት ችግር እንዳለበት የምታውቁ ከሆነ ወይም አፍንጫው በቅርቡ ደምቶ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ልጁን ክንዶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ጋቢው ውስጥ ጠቅልሉት። ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ጀርባው ደረታችሁን ይደገፍ። አንድ እጃችሁ በጋቢው ላይ ክንዶቹን ያቅፍ። ሌላው እጃችሁ ግንባሩን ቀስ ብሎ ወደ እናንተ ይደግፍ። ጭንቅላቱ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፣ ብዙ አይደለም። ጠበቅ አድርጎ መያዝ ጭካኔ አይደለም። የላላ አያያዝ ነው የሚያቆስለው፤ ልጁ በድንገት ሲወራጭ ስዋቡ (ናሙና መውሰጃው ዘንግ) አፍንጫውን ይወጋዋል። መያዝ ካልቻላችሁ ደግሞ በግልጽ ተናገሩ። ሲስተር ትይዝላችኋለች። እናት ሆና ማየት የሚከብዳት አለች፤ ምንም አይደለም።

ባለሙያው ፊታችሁ አዲስ ጓንት ያጥልቅ። ስዋቡ ከታሸገ ፓኬት ይውጣ። የኪቱን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ማየት መብታችሁ ነው። ለሕፃን የሚሆነው ስዋብ ቀጭን፣ የሚተጣጠፍ ዘንግ ያለው ነው። ለጉሮሮ የሚሆነው ወፍራሙ የእንጨት ዘንግ አይሆንም።

ባለሙያው ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ ጆሮው ቀዳዳ ያለውን ርቀት በዐይኑ ይለካል። ስዋቡ የሚገባው ወደ ላይ ወደ ዐይን አቅጣጫ አይደለም። ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ፣ ከላንቃው ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። ከዚያ ከግድግዳው ጋር ሲነካካ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ እየተሽከረከረም ይወጣል። ልጁ ይጮኻል፣ ዐይኑ ያነባል፣ ሊያስነጥስ ይችላል። ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። ስዋቡ ላይ ጥቂት ደም መታየቱ ብዙ ጊዜ አያስደነግጥም። ወዲያው ጡት ስጡት፤ ለልጁም ለእናቱም ከዚህ የተሻለ ማባበያ የለም።

አንዳንድ ቦታ በስዋብ ፋንታ ትንሽ የጨው ውኃ ጠብ አድርገው ንፍጡን በቀጭን ቱቦ ይስባሉ። ይህም ጥሩ ናሙና ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ያን ዕለት ልጄን ይዤ የሮጥኩት ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ነበር። ናሙናውን የወሰደው ወጣት ባለሙያ ስዋቡን ከአፍንጫዋ ደጃፍ ብቻ ጠራርጎ አወጣ። ልጄ እንኳ አላለቀሰችም። ሙያዬ ነውና ናሙናው እንዳልሆነ ዐውቄያለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ባለሙያውም እንዳይከፋው አሰብኩ፤ ዝም አልኩ። ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ተባለ። አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ተጽፎልን ወደ ቤት ተመለስን። በማግስቱ ሆስፒታል ገባን። ናሙናው እንደገና በደንብ ሲወሰድ ፖዘቲቭ ወጣ። ሦስት ሌሊት በኦክስጅን ነበረች። ስለዚህ አደራ፣ «ትንሽ ጠለቅ ይበል፣ እባክህ» ማለትን አትፈሩ። በትሕትና ከተባለ ባለሙያ አይቀየምም።

ናሙናው እዚያው የማይመረመር ከሆነ በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ በበረዶ ሳጥን ይሄዳል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይቆያል። የሐዋሳ ቀትር ፀሐይ ላይ በባጃጅ ዳሽቦርድ የዋለ ናሙና ግን ከእንግዲህ ናሙና አይደለም።

ስድስተኛ፦ ውጤቱን ማንበብ

ፈጣኑ ኪት ላይ ሁለት ቦታ አለ፦ ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው የቁጥጥር ቦታና የአርኤስቪው ቦታ። የቁጥጥሩ መስመር የግድ መውጣት አለበት። እሱ ካልወጣ ኪቱ አልሠራም ማለት ነው፤ «ኔጌቲቭ» ተብሎ አይነበብም፣ በአዲስ ኪት ይደገማል። በአርኤስቪው ቦታ መስመር ከወጣ፣ ደብዘዝ ያለም ቢሆን፣ ፖዘቲቭ ነው። ኪቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በፊትም ሆነ በጣም ዘግይቶ ማንበብ ያሳስታል። ጠዋት ተሠርቶ ከምሳ በኋላ የታየ ኪት አይታመንም።

ፖዘቲቭ ከወጣ በአብዛኛው እውነት ነው። ኔጌቲቭ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈጣኑ ኪት በደንብ በተወሰደ ናሙና እንኳ አርኤስቪ ካለባቸው አምስት ሕፃናት አንዱን ያህል ሊስተው ይችላል። ናሙናው ካልሆነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የልጁ ትንፋሽ ፈጣን ሆኖ ወረቀቱ «ኔጌቲቭ» ካለ ልጁን እመኑ። ሐኪሙ ካስፈለገው በፒሲአር ያስደግመዋል። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ተመሳሳይ ሕመም የሚያመጡ ሌሎች ቫይረሶች አሉ።

ፖዘቲቭ መሆኑም ሌላውን ሁሉ አያስቀርም። በተለይ ከ2 ወር በታች ሆኖ ያተኮሰው ጨቅላ አርኤስቪ ቢገኝበትም ሽንቱና ሌላውም በሐኪሙ መታየት አለበት። የሽንት ኢንፌክሽን አብሮ ሊኖር ይችላል።

ሰባተኛ፦ ፖዘቲቭ ሆነ፤ አሁንስ?

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ሐኪሙ የባክቴሪያ ምልክት ካላየ «ለማንኛውም» ብላችሁ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን አትግዙ። ራጅ ላይም ብሮንኪዮላይተስ ሳምባ ምች የመሰለ ጥላ ሊያሳይ ስለሚችል ራጅ ማንሣቱ አንዳንዴ አላስፈላጊ መድኃኒት ያመጣል። የሳል ሽሮፕ ለጨቅላ አይሰጥም። አስፕሪን በጭራሽ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ ባለሙያ በነገራችሁ መጠን ብቻ።

ሐኪሙ ቤት ሆኖ ይታከም ካለ ዋናው ሥራ ማጥባት ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ከማጥባታችሁ በፊት በየአፍንጫ ቀዳዳው ሁለት ሦስት ጠብታ የጨው ውኃ ጨምሩለት። ፋርማሲ ውስጥ «ኖርማል ሳላይን» በሉ፤ ለአፍንጫ የሚሆነውን ይሰጧችኋል። ትንሽ ቆይታችሁ ንፍጡን በንፍጥ መሳቢያ መሣሪያ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ቀኑን ሙሉ ግን አትሳቡ፤ አፍንጫው ያብጥበታል።

በየጥቂት ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመለሱ። ልብሱን ግለጡ፣ ቁጠሩ፣ ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ወይም አጠባቡ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ቀን ላይ በደንብ ንቁ። በሁለተኛው ቀን «ደህና ነው» ተብሎ የተላከ ልጅ በአራተኛው ቀን ሊብስበት ይችላል። ሐኪሙ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል። ሕመሙ ነው እንዲህ የሚሄደው።

በፍቅር የሚደረጉ ግን የሚጎዱ ነገሮች አሉ። ለሕፃን ቅቤ ማዋጥ ወይም አፍንጫው ውስጥ መጨመር አንዱ ነው፤ ቅቤው ወደ ሳምባው ገብቶ ሌላ ሕመም ያመጣል። እንጥል ማስቆረጥ ሌላው ነው፤ ለሳል ምንም አይረዳም፣ ይደማል፣ ይመረቅዛል። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። በከሰል ጭስና በዕጣን በታፈነ ክፍል ውስጥ ልጁን አታስተኙ። ቡና ይፈላ፣ ግን ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ። ለአያቶች ይህን ስትነግሩ በቁጣ አይሁን። እነሱም ልጁ እንዲተርፍ ነው የሚፈልጉት። እናቴን «እማዬ፣ ቅቤውን ተዪውና ትንፋሿን ቁጠሪልኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ከእኔ በላይ እሷ ነበረች የምትቆጥረው።

ቤት ውስጥ ሌላ ሕፃን ካለ ለዩዋቸው። አርኤስቪ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ቀን ያስተላልፋል፤ ጨቅላና አካሉ የደከመ ልጅ እስከ 4 ሳምንት ሊያስተላልፍ ይችላል። ቫይረሱ በጠረጴዛና በመጫወቻ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። እጅ በሳሙና መታጠብ እዚህ ላይ እውነተኛ መከላከያ ነው። አራስ ጥየቃ የሚመጣ እንግዳ ንፍጥ ካለበት ገንፎውን ይብላ፣ ልጁን ግን ከርቀት ይመርቅ። መሳም ይቆይ።

እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ ክትትላችሁ ላይ ስለ አርኤስቪ ክትባት ጠይቁ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቅዷል። እናትየዋ የምታመርተው ፀረ እንግዳ አካል ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ልጁን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል።

ከተሻለው በኋላ «ነጻ ወጥቷል?» ብላችሁ ምርመራውን ለማስደገም አትድከሙ። ፒሲአር ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት የቫይረሱን ቅሪት ሊያይ ይችላል። ሳሉም ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ትንፋሹ ደህና ከሆነና እየጠባ ከሆነ ጠብቁት።

የክትባት ቀጠሮውን ግን በቀላል ሳል ምክንያት አታሳልፉ። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን የተጀመረው የሳምባ ምች ክትባት አለ። አርኤስቪን አይከላከልም፤ ባክቴሪያ የሚያመጣውን ሳምባ ምች ግን ይከላከላል። የልጄ የ14 ሳምንት ቀጠሮ የደረሰው ሕመሙ በጀመራት በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነበር። አሁንም ታስል ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የሆስፒታሉን ወረቀትና «ቀን አንድ» ብዬ የጻፍኩበትን ካላንደር ለሲስተር አሳየኋት። ደረቷን አዳመጠች፣ ሙቀቷን ለካች። ከዚያ «ትወስዳለች» ብላ ከተበቻት።